ሣር አይደል እንዴ?

በእጅ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሰው የማይቀር ሥርዓት አለው። መሶቡን ያነሣል። ይገለብጠዋል። ቂጡን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ከውስጥ ማን «አቤት» እንዲለው እንደሚጠብቅ አይታወቅም። ከዚያ ወደ አፍንጫው ጠጋ አድርጎ ያሸታል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ዋጋውን ሲሰማ ዕቃውን ቀስ ብሎ ያስቀምጥና «ሣር አይደል እንዴ?» ይላል።

ይኸው ሰው ትናንት ከሱቅ የፕላስቲክ ባልዲ ገዝቷል። ባልዲውን አላሸተተም። «ነዳጅ አይደል እንዴ?» ብሎም ባለሱቁን አልሞገተም። የተነገረውን ከፍሎ፣ አመስግኖ ነው የወጣው።

ነገሩ ድሮም ያናድደኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ጭራሽ ቤታችን ገባ፤ ዓባይ ማዶ የምትኖረው አክስቴ ለገና ባዛር ጠረጴዛ ተከራየች።

የበዓል ባዛር ምን እንደሚመስል ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ድንኳን ይተከላል፤ ድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። ከፊት ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ የጭማቂ መፍጫ፣ መላጣ ላይ ፀጉር አበቅላለሁ የሚል ቅባት ይደረደራል። «የዕደ ጥበብ ውጤቶች» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ጥግ ደግሞ አይ ዕድሉ፣ ሁልጊዜ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ነው። ምናልባት የእጅ ሥራ የሚሸጡት እናቶች ስለሆኑ፣ እናት ደግሞ ሁሉን ስለምትችል ይሆናል።

አክስቴ እጇ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ቡና ሲፈላ ወስፌዋ ከመደቡ ሥር ይወጣል። ጎረቤት ሲመጣ ይወጣል። መብራት ሲጠፋም ይወጣል፤ «በጨለማ እንዴት ትሰፊያለሽ?» ስትባል «ጣቴ ያያል» ትላለች። እውነቷን ነው። የግራ እጇን አውራ ጣት ያየ ሰው፣ ስንደዶና ወስፌ ተባብረው ምን ያህል እንዳደነደኑት ይገነዘባል።

ሥራውን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ላየው ቀላል ይመስላል። አክርማው በጣት ውፍረት ይጠቀለላል፤ ይህ ውስጡ ነው፣ አጥንቱ። መስከረም ሲጠባ ከመስክ የተለቀመው ስንደዶ ደግሞ ተላጥቶ፣ ተሰንጥቆ፣ የሚነከረው በፈላ ቀለም ተነክሮ አለላ ሆኖ፣ በጣሳ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከደረቀ ይሰበራልና። ወስፌው ይበሳል፤ የራሰው ስንጣቂ በቀዳዳው ይገባል፤ ይሳባል፤ ይጠብቃል። ይኸው ነው። ከዚያ ወስፌው ይበሳል፤ ስንጣቂው ይገባል፤ ይሳባል። መነሻው ላይ ከሳንቲም የማትበልጠው ክብ እንጀራ የምታህል እስክትሆን ድረስ ይኸው ነገር ይደጋገማል። የሚሰለቸው ተመልካቹ ነው እንጂ ሠሪዋ ስትሰለች አይቼ አላውቅም።

ጠረጴዛው ሲያዝ የአክስቴ ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ተምራ የተመረቀች ልጅ ናት፤ ያልተመዘገበ ወጪ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣታል።

«እማዬ፣ ዋጋ ልናወጣ ነው። ጥሬ ዕቃ ስንት ገባ?»

«የምን ጥሬ? ሣር ነው።»

እዚህ ላይ ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የገዢው ቃል ከሻጯ አፍ ወጣ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይኼው ነው።

«እሺ፣ የሰው ኃይልስ?»

«የማን ሰው? እኔው ነኝ እንጂ።»

«አንቺንም እኮ እንቆጥራለን። ይቺ መሶብ ስንት ሰዓት ፈጀች?»

«ቡና እየጠጣሁ የሠራሁትን ነው የምታስቆጥሪኝ?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ አንተ ንገራት» አለችኝ። እኔ ምን እላለሁ? አክስቴ የምትለው ገብቶኛል። እሷ ቤት ጊዜ የሚባለው ጤፍ የሚለቀምበት፣ ወጥ የሚወጠወጥበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት ነው። መሶብ የሚሰፋው ከዚያ በተረፈው ነው፤ የተረፈ ነገር ደግሞ ዋጋ አይወጣለትም፣ ለጎረቤት ይሰጣል።

ከዚህ በላይ ችግር የሆነው ግን ሌላ ነው። መሶቡ ውስጥ የተሰፋው ስንደዶ ብቻ አይደለም። አክስቴ ጣቷን በዙሮቹ ላይ እያሳለፈች ታነባቸዋለች። «ይቺ ቀዩ የገባባት ዙር የጎረቤታችን ልጅ የተዳረች ሰሞን ናት። ይቺ ትንሽ የጠመመችው ደግሞ ያቺ ሴትዮ ዕቁቡን ይዛ ጠፋች የተባለ ዕለት፤ ደንግጬ ነው።» አረንጓዴው አካባቢ የሰፈሩ ሐሜት በሙሉ አለ። ይህን ሁሉ ሒሳብ ውስጥ አስገባለሁ ያለ ሰው መሶቡን በሚሊዮን ሊሸጠው ነው፤ አንዳንድ ጎረቤት ደግሞ ምስጢሩ እንዳይወጣ ይገዛው ነበር።

ባዛሩ መቃረቡ በሰፈር ሲሰማ ምክር እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። አንዱ «ስም አውጡለት፣ ብራንድ ያስፈልጋል» አለ። ሌላው «ዋጋው ላይ ዘጠና ዘጠኝ ጨምሩበት፣ ርካሽ ይመስላል» አለ። ከሁሉ የተማረው ደግሞ እምቦጭ ይዞ መጣ፤ ኬንያ ውስጥ ኪሱሙ ላይ የቪክቶሪያ ሐይቅን እምቦጭ አድርቀው ቅርጫትና ወንበር እንደሚሠሩበት አነበበላት። ነገሩ እውነት ነው፤ ይሠሩበታል። አክስቴ ግን ጣናን ከአሥር ዓመት በላይ ሲያስለቅስ የኖረውን አረም አለላ ካለበት ቤት ልታስገባ? «ጠላቴን ማዕድ ላይ አላስቀምጥም» አለች፤ ጉዳዩ ተዘጋ።

አንድ ምክር ግን ሁሉም ተስማማበት፦ ትንንሽ ነገር ሥሪ። ትልቅ መሶብ የሚገዛ ሰው ይቆጫል፣ ትንሽ የሚገዛ ሰው ግን አይቆጭም። የቁልፍ መያዣ፣ የአለላ ጉትቻ፣ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የመዳፍ ያህል ሰፌድ።

ምክሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከዘጌ ነው። ከጀልባ ወርዶ በቡናው ጥላ ሥር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የወጣ ሰው ሁሉ መንገዱን ያውቀዋል። ግራና ቀኙ ዕቃ ነው፤ የፍየል ቆዳ ላይ የተሳሉ ትልልቅ ዓይን ያላቸው ቅዱሳን፣ መስቀል፣ ሙዳይ፣ የዘጌ ቡና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ታንኳ። ክንድ የማትሞላ የደንገል ታንኳ፣ አንዳንዴም ትንሽ ቀዛፊ የተቀመጠባት። ዋናው ታንኳ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ባሕር ዳር ድረስ ይቀዘፋል፤ ደረቱ ውኃ ሲጠጣ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ጥቂት ወራት አገልግሎ ይበሰብሳል። ሐይቅ ነክታ የማታውቀው ትንሿ ታንኳ ግን በአውሮፕላን ተሳፍራ ሄዳ፣ ሰው አገር መደርደሪያ ላይ ዕድሜ ልኳን ትቀመጣለች። ከሠራተኛዋ ጌጠኛዋ ረጅም ዕድሜ ትኖራለች፤ የዓለም ነገር እንዲህ ነው።

ስለ ደንገል ከተነሣ ከዘጌ በጣም ርቆ የሄደ አንድ ሸክም አለ። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ፣ የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ ነበር ብሎ ሊያሳይ ተነሣ። ደንገሉ ከየት መጣ? ከጣና። ጀልባውን ግን የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ያውም ግብፅ ውስጥ፣ ፒራሚዶቹ አጠገብ። ስሙን «ራ» ብለው ከሞሮኮው የሳፊ ወደብ ለቀቁት። የኛ ደንገል በአትላንቲክ ላይ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጓዘና፣ ካሪቢያን ሳይደርስ ኋላው እየሰጠመ፣ እየተፈታ፣ ሰዎቹ ጥለውት ወጡ። በጥንቶቹ ግብፆች ሥዕል ላይ የጀልባውን ኋላ ወጥራ የምትይዝ ገመድ ነበረች፤ እሷን ትተዋት ነበር። በማግሥቱ ዓመት በቦሊቪያ በኩል ካለው የቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች አስመጥተው «ራ ሁለት»ን ሠሩ፤ ያኛው ባርባዶስ ደረሰ።

ይህን ታሪክ ለአክስቴ ነገርኳት። ስለ ግብፅም ስለ ውቅያኖስም አልጠየቀችም። ወስፌዋን አቁማ «አፉን ሳይቋጩት ነው ውኃ ላይ ያወጡት?» አለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና «እዚሁ ጣና ላሉት ቢሰጧቸው ምን ነበረበት?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የባሕር ተመራማሪዎች ብዙ ገጽ የጻፉበትን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

እዚሁ ጣና ላሉት መስጠት ግን በእኛም ልማድ አልነበረም። በጣና ዳር ታንኳ በመሥራት የታወቁት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ታንኳቸውን የፈለገ ሁሉ ማዕዳቸውን ሸሽቷል። ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ እያለ፣ ማታ ግን በእሷ ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ የሚበላ አገር ነው። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ቀነሰ፤ ክርክሩ ግን አልቀረም። ዛሬ ከሠሪዋ ይልቅ ዋጋዋን ነው የሚሰድቡት።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ፎገራ ውስጥ አውራምባ አለ፤ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ። የእርሻ መሬታቸው ጠባብ ነውና ኑሯቸውን ሸማ ላይ ጣሉት። እዚያ ወንዱም ይፈትላል፣ ሴቲቱም ሸማ ትሠራለች። አክስቴ ከዕድር ጓደኞቿ ጋር ሄዳ አይታ ስትመለስ፣ ያመጣችው ፎጣ አንድ ነበር፣ ወሬው ግን ለወር በቃ፤ «ወንድ ሲፈትል በዓይኔ አየሁ!» ባሏ እስከ ዛሬ የአውራምባ ስም ሲነሣ ደጅ ላይ ጉዳይ ያገኛል።

ባሕር ዳር ራሷ ከሸማ ጋር ሩቅ አይደለችም። ከተማዋን ከተማ ካደረጓት ነገሮች አንዱ በጣሊያን የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ዛሬ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ከቻይና ታትሞ በጥቅል ይመጣል። ባዛሩ ላይ ከአክስቴ ጠረጴዛ ማዶ የነበረው ነጋዴ ይህንኑ ነበር የሚሸጠው፤ «ኦሪጅናል የባህል ልብስ» እያለ። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ጥለቱ ከጨርቁ ጀርባ እንደሌለ ያያል። ጠጋ ብሎ ያየ ግን አልነበረም።

የዋዜማው ዕለት መሶቧን ከዓባይ ማዶ ወደ ከተማ ለማሻገር ባጃጅ ጠራን። ትልቋ መሶብ ክዳኗን ደፍታ ከኋላ መቀመጫ ላይ ስትቀመጥ ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ ቀረ። ሹፌሩ ዞሮ አየ።

«የሦስት ሰው ትከፍላላችሁ።»

«መሶቧ ሰው ናት?» አለች አክስቴ።

«እትዬ፣ ወንበር ይዛለች።»

«እሺ፣ የእሷን ከፈልኩ። ሦስተኛው ማን ነው?»

ሹፌሩ በመስታወቱ የመሶቧን ወገብ ገመተና «እሷ ብቻዋን ሁለት ናት» አለ። በአዲሱ የዓባይ ድልድይ እየተከራከሩ ተሻገሩ። እኔና ልጅቷ በኋላ ሌላ ባጃጅ ይዘን ደረስን፤ እሷም የሁሉንም ሒሳብ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ «የመሶብ ትራንስፖርት፣ ለሁለት ሰው» ብላ።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጠፈ። መሶቧ መሐል፣ ሰፌዶቹ ከኋላ፣ ሙዳዮቹና ጉትቻዎቹ ከፊት። ልጅቷ ያሳተመችው «በእጅ የተሠራ» የሚል ካርድ ቆመ። የመጀመሪያው ጎብኚ ካርዱን አንብቦ «በእጅ ካልሆነ በምን ሊሠራ ኖሯል?» አለ። ዋጋ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለው ሲያጨቃጭቅ አድሮ ነበር፤ ከተጻፈ ሰው ከሩቅ አይቶ ያልፋል፣ ካልተጻፈ ለመጠየቅ ይፈራል። በመጨረሻ ተጻፈና ወደ ውስጥ ተገለበጠ።

የባዛር ጎብኚ ዓይነቱ ብዙ ነው። መሶቧን አቅፎ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ አለ። ጄኔሬተሩ እየጮኸ «በአምስት ደቂቃ አሳዩኝ፣ ቤቴ እሠራዋለሁ» የሚል አለ። በጣም የሚከፋው ግን «እናቴም ትሠራለች» የሚለው ነው። ይህ ሰው ሥራውን ያውቃል፣ ያደንቃል፣ ስለ አክርማው ጥራት ይመሰክራል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ምንም አይገዛም። ለምን ይገዛል? እናቱ ትሠራለቻ። አክስቴ ከሰዓት በኋላ ላይ «የሰው ሁሉ እናት የምትሠራ ከሆነ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?» አለች።

ከውጭ አገር ለበዓል የመጣ አንድ ሰው ግን ሰፌድ አንሥቶ ዋጋ ጠየቀ፤ የተነገረውን ሰማ፤ ከፈለ። አልተከራከረም። አክስቴ ገንዘቡን ይዛ ፊቷ ጠቆረ። «ምን ሆነ? ዝም ብሎ ከፈለ እኮ» አለችኝ። አርክሳ የሸጠች መሰላት። ክርክሩ ለካ ከዋጋው ያልተናነሰ ክብር ኖሯል፤ ማንም ያልሞገተው ሰፌድ ያልታየ ሰፌድ ሆኖ ተሰማት።

ሌላዋ ገዢ በቴሌብር ከፈለች። ስልኳን አሳየቻት፣ «ገብቷል እማማ» አለቻት። አክስቴ ስልኩን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ሙዳዩን አለቀቀችም። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። ልጅቷ ከምሳ ተመልሳ መልእክቱን እስክታነብላት ድረስ ሁለቱ ሴቶች ሙዳዩን በሁለት በኩል ይዘው ስለ ልጆቻቸው ተጨዋወቱ።

ማታ ላይ የሆነው ነገር ግን በየትኛውም የዕደ ጥበብ ባዛር የሚሆን ይመስለኛል። ከግራ በኩል ነጠላ የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ ከቀኝ በኩል የሸክላ ጀበና። ቀኑን ሙሉ ገዢ ሲጠብቁ የዋሉት ሦስቱ፣ አመሻሽ ላይ አንዷ የሌላዋን ዕቃ አየት አየት አደረጉና እርስ በርሳቸው መገበያየት ጀመሩ። ባለ ነጠላዋ መሶቧን ወሰደች። ስትወስድ አልገለበጠችም፣ አላሸተተችም፤ በጥፍሯ አንዱን ዙር ጫን አድርጋ ጥብቀቱን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከረች። አክስቴ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። በመሶቧ ዋጋ ላይ ነጠላ ወሰደች፣ በተረፈው ጀበና ገዛች። ባለ ጀበናዋ ደግሞ ያንን ገንዘብ ይዛ ሄዳ ሰፌድ ገዛች፤ ከአክስቴ።

ልጅቷ ደብተሯን ስትዘጋ የጠረጴዛ ኪራይ፣ የካርድ ኅትመት፣ የሁለት ሰው መሶብ ትራንስፖርት ተቀንሶ የቀረው አንድ ነጠላ፣ አንድ ጀበናና የባጃጅ የማይሞላ ብር ነበር። «ከስረናል» አለች። አክስቴ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጥለቱን በጀርባው በኩል እያየች «ምኑን?» አለች።

ቀጣዩ ባዛር ለፋሲካ ነው፤ አክስቴ ጠረጴዛ ይዛለች፣ አሁንም ከጄኔሬተሩ አጠገብ። የምትመጡ ሰዎች ተከራከሩ፣ ሳትከራከሩ ብትከፍሉ ትቀየማለች። ዝርዝር ብርም ይዛችሁ ኑ፤ ቴሌብር አይቻልም ማለቴ አይደለም፣ ልጅቷ ምሳ ከሄደች ግን መልእክቱን የሚያነብላት የለም።